በአውቶሞቢል ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች፤ ስለ ደኅንነት ቀበቶ

የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ሁሉ በመንገድ ላይ የጠፋች ነፍስም መመለሻ የላትም። ስለዚህ ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድሩ ክቡራን አንባቢዎቻችን ዛሬ የምናሳስበው ነገር በመልኩ ትንሽ፥ በጥቅሙ ግን ታላቅ ነው፤ ይኸውም በአውቶሞቢል መቀመጫ ላይ የሚታሰረው የደኅንነት ቀበቶ ነው።

ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፥ ጭንንና ደረትን አንድ አድርጎ በሦስት ነጥብ የሚይዘውን ቀበቶ ያበጀው ኒልስ ቦሊን የሚባል የስዊድን አገር መሐንዲስ ነው። እርሱም አስቀድሞ አብራሪን በአደጋ ጊዜ ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ ይሠራ ነበር፤ ኋላም ወደ ቮልቮ ፋብሪካ ገብቶ በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ሥራ ፈጸመ። ፋብሪካውም የሰው ሕይወት ከትርፍ ይበልጣልና ሌሎች መኪና ሠሪዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በ1970 የአውስትራሊያ ክፍል የሆነችው ቪክቶሪያ ቀበቶ መታጠቅን በሕግ ግዴታ በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች።

አንዳንድ ሰው «በእጄ እደገፋለሁ» ይል ይሆናል። ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ መኪና ከግንብ ጋራ ብትጋጭ፥ መኪናዪቱ ስትቆም በውስጧ ያለው ሰው በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህም ፍጥነት 10 ሜትር ያህል ከሆነ ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ከሚኖረው ፍጥነት ጋራ ትክክል ነው። ከሦስት ፎቅ ላይ የሚወድቀውን ሰው በክንዱ የሚያቆም ማን ነው? እናትም ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ብታቅፍ፥ ፍቅሯ ጽኑ ቢሆንም ክንዷ ይህን ኃይል አይችልም።

ቀበቶውን መታጠቅ ብቻ አይበቃም፤ በአግባቡ መታጠቅ ያስፈልጋል። የታችኛው ክፍል በሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ፤ አጥንት የሚችለውን ኃይል የሆድ ዕቃ አይችለውምና። የላይኛው ክፍል አንገትን ሳይነካ በትከሻና በደረት መካከል ይለፍ። ከብብት በታች ወይም ከጀርባ በኋላ ማሳለፍ ራስን ማታለል ነው። ቀበቶው አይጠምዘዝ፤ አይላላ፤ በካባ ወይም በጋቢ ላይ ከመታጠቅም ልብሱን ገልጦ ከሰውነት ጋራ ማቀራረብ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴትም ቀበቶውን አትተው፤ የታችኛውን ከሆዷ በታች፥ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል ታድርገው።

ሕፃናት የራሳቸው መቀመጫ ይገባቸዋል። ጨቅላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጥ፤ የአየር ከረጢት ባለበት በፊተኛው ወንበር ግን እንዲህ አድርጎ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ከፍ ያለውም ልጅ ቀበቶው በአንገቱ ላይ እንዳያልፍ ከፍ በሚያደርገው መቀመጫ ላይ ይቀመጥ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የኋላ ወንበር ልማድ ነው። በአገራችን የተከበረ ሰው ከኋላ ይቀመጣል፤ ሾፌሩም «ጌታዬ፥ ቀበቶዎን ይታጠቁ» ማለትን እንደ ድፍረት ቈጥሮ ዝም ይላል። ነገር ግን ከኋላ ያልታጠቀ ሰው በግጭት ጊዜ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የተቀመጠውንም ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ቀበቶ በመኪና ውስጥ ያለውን ሰው የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል።

እንግዲህ የቤቱ ጌታ ሾፌሩ እስኪያሳስበው ሳይጠብቅ አስቀድሞ ይታጠቅ፤ እመቤቲቱና ልጆቹም እርሱን አይተው ይታጠቃሉ። ዘለበቱን ለመቈለፍ የሚፈጀው ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ አይበልጥም፤ ክብርም የሚያምረው በሰላም ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።