በካሴት የቀረው ኮንሰርት

ከዓመታት በፊት አንድ ባንድ በመድረክ ሲጫወት የሰማ ሰው ስለዚያ ምሽት እንዲያወራን ብንጠይቀው፣ የሚነግረን በአዳራሹ ውስጥ የሰማውን ብቻ ላይሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በካሴት ደጋግሞ ያዳመጠውም ከትዝታው ጋር ተዋሕዷል። ሳክስፎኑ በጭብጨባ የተዋጠው በአዳራሹ ነው ወይስ በመቅጃው ውስጥ? የዘፋኙ ድምፅ የቀጠነው ወጣት ስለነበረ ነው ወይስ በቀረጻው ጊዜ ባትሪው ስለ ደከመ? ፊዚክስ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አለው፤ መልሱም አሮጌ ካሴት በቤቱ ያስቀመጠን ሁሉ ይመለከታል።

በዓለም ላይ የኮንሰርት ቅጂ በመሰብሰብ በእጅጉ የሚታወቁት ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ አድናቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሥርቶ በ1995 የተበተነው ይህ ባንድ ታዳሚዎቹ በራሳቸው መሣሪያ እንዲቀዱ ይፈቅድ ነበር፤ በ1984ም ለቀጂዎች የተለየ ስፍራ መደበላቸው። አድናቂዎቹ ካሴቶቹን የሚለዋወጡት እንጂ የሚሸጡት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ኮንሰርት ቅጂ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለ2011 በብሔራዊ የድምፅ መዝገቡ ካሰፈራቸው ቅጂዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የእኛ አገር ታሪክ መልኩ ሌላ ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሐ ሪከርድስና ሌሎች አሳታሚዎች በሸክላ ያወጡት የነበረው ሙዚቃ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ስፍራውን ለካሴት ለቀቀ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በመታወጁ ታዳሚውና ሙዚቀኛው ከክበቡ ሳይወጡ አብረው ያነጉ ነበር። የሆቴል አዳራሽም እንደ ስቱዲዮ ያገለግል ነበር። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» እ.ኤ.አ. በ1978 በጊዮን ሆቴል የተቀዳ ሲሆን፣ በ2016 በውጭ አገር ዳግመኛ ታትሟል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ግን ደኅና ቅጂ በአንድ ሰው እጅ ከተረፈ ብቻ ነው።

ካሴቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል እንጅባራና ዳንግላ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ የቅጂ ቅጂ ሆኖ ነበር። በሌላ በኩል መቅጃ ያለው ቴፕ ራሱ የአካባቢውን ድምፅ መያዣ ሆኗል፤ የሠርግ ዘፈን፣ በአዊ አገውኛ የተገጠመ ግጥም፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል ድምፅ። የታወቀ ባንድ ካሴት ቢበላሽ ሌላ ቤት ሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። የሠርጉ ካሴት ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ ውስጥ እንግባ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት 3.81 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ጥብጣብ ይዟል። በጥብጣቡ ላይ ጥቃቅን የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች በማጣበቂያ ተለጥፈዋል። በሚቀዳበት ጊዜ የድምፁ ኤሌክትሪክ ሞገድ በመቅጃው ሄድ ውስጥ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቅንጣቶቹም በፊቱ ሲያልፉ እንደ መስኩ አቅጣጫና ጥንካሬ ማግኔት ይሆናሉ። ጥብጣቡ የሚሄደው በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው። ፍጥነቱን ለድግግሞሹ ስናካፍል ድምፁ በጥብጣቡ ላይ የሚይዘውን የሞገድ ርዝመት እናገኛለን። የባስ ጊታር 100 ኸርዝ ድምፅ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቦታ ሲይዝ፣ 10,000 ኸርዝ የሆነው የሲምባል ጩኸት የሚይዘው 4.76 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

የአሮጌ ካሴት ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ልዩነት ይመነጫል። በሄዱና በጥብጣቡ መካከል የአንድ ማይክሮሜትር ክፍተት የሚፈጥር አቧራ ቢገባ፣ የ100 ኸርዙ ድምፅ ከመጠኑ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ያጣል። የ10,000 ኸርዙ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ የቆሸሸ ሄድ ያለው ቴፕ ባሱን እንደ ነበረ ይዞ ሲምባሉን ይሰውራል፤ አድማጩም «ድምፁ ታፈነ» ይላል። የሄዱ አቀማመጥም እንዲሁ ነው። አንድ ቻናል ብቻ ባለው ቴፕ ላይ ሄዱ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ቢያዘነብል፣ ያው ከፍተኛ ድግግሞሽ ግማሽ ገደማውን ያጣል። ጠማማ ሄድ ያለው ቴፕ የቀዳውን ካሴት ከሁሉ አሻሽሎ የሚያጫውተው ያው ጠማማው ቴፕ መሆኑ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ናቸውና።

በዚህ የሚጠፋው የሙዚቃ ውበት ብቻ አይደለም። እንደ ስ፣ ሽ፣ ጭ ያሉ ተነባቢዎች ኃይላቸው ያለው በብዛት በሺህ ኸርዝ በሚቆጠረው ክልል ውስጥ ነው። እርሱ ሲጠፋ ዜማው እየተሰማ ቃሉ አይለይም። ከአድናቂ ትዝታ ባሻገር ቋንቋን የሚነካው ጉዳት ይህ ነው።

ጭብጨባው ሙዚቃውን ስለ መዋጡ ደግሞ ተጠያቂው ሌላ ነው። አብዛኛው ተንቀሳቃሽ ቴፕ የሚገባውን ድምፅ መጠን ራሱ የሚቆጣጠር ዑደት አለው። ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ ዑደቱ በቅጽበት መጠኑን ይቀንሳል፤ ድምፁ ሲያልፍ ግን ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ወይም ሴቶች እልል ሲሉ ባንዱ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም እንደገና ይቀርባል። በአዳራሹ የነበረ ሰው ይህን አልሰማም።

ወደ ባትሪው እንምጣ። ኤሌክትሪክ በሌለበት በባትሪ ሲቀዳ ባትሪው እየደከመ ከሄደ ሞተሩ ይዘገያል። ያ ካሴት በደኅና ቴፕ ሲጫወት ፈጥኖ ይሮጣል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ፍጥነቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ሲዛነፍ ዜማው ግማሽ ቃና ይቀየራል። ደስ የሚለው ነገር ቅኝቱ አይበላሽም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ የሚለየው በድምፆቹ መካከል ባለው የድግግሞሽ ንጽጽር ስለሆነ፣ ሁሉም በእኩል መጠን ሲባዙ ንጽጽሩ ያው ነው። ቃና የቃል ትርጉም የሚለይበት የአዊ አገውኛም በዚህ ረገድ ተርፏል፤ ከፍታና ዝቅታው በአንጻራዊነት ይጠበቃልና። የሚከፋው ባትሪው በዘፈኑ መካከል ሲደክም ነው፤ ያን ጊዜ መዛነፉ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይለያያል።

ኮንሰርቱ በመብራት ኃይል ከተቀዳ ግን የተደበቀ መለኪያ አለን። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ከማጉያው የሚወጣው እምምታም በዚሁ ድግግሞሽና በብዜቶቹ ይቀዳል። እምምታው በኮምፒዩተር ተለክቶ 53 ኸርዝ ከሆነ ካሴቱ 6 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው፤ መልሶ ማስተካከል ቀላል ነው። ቅጂው ሌላ ቴፕ ላይ የተገለበጠ ከሆነ የሁለቱም እምምታ ሊደራረብ ስለሚችል መጠንቀቅ ያሻል።

መገልበጥ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። እያንዳንዱ ካሴት የራሱ ሹክሹክታ አለው። በእኩል ጥራት በተገለበጠ ቁጥር የሹክሹክታው ኃይል ይደመራል፤ የከፍተኛ ድግግሞሽ ጉድለት ደግሞ ይባዛል። በአንድ ግልባጭ ከሲምባሉ 30 በመቶ የሚጠፋ ቢሆን፣ በአራተኛው የሚተርፈው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው።

ጊዜና አየር ንብረትም ድርሻ አላቸው። ጥብጣቡ በላዩ ላይ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ማግኔት በሚቀጥለው ላይ በስሱ ይታተማል። ዘፋኙ ከመጀመሩ ከአንድ ሰከንድ ተኩል እስከ ሦስት ሰከንድ ያህል ቀድሞ እንደ ጥላ የሚሰማው ይህ ነው። በ120 ደቂቃው ካሴት ላይ ይብሳል፤ ጥብጣቡ 9 ማይክሮሜትር ብቻ ነውና። ማጣበቂያው እርጥበት ሲመጥ መፍረሱ በይበልጥ የታየው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩ የስቱዲዮ ትላልቅ ጥቅሎች ላይ ነው። የካሴት ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው። እንጅባራን በመሰለ ዝናባማ ደጋ ክረምቱን በግድግዳ ሥር የከረመ ካሴት ከጥቅሉ ጠርዝ ነጭ ብናኝ ከታየበት ወደ ቴፕ መግባት የለበትም፤ ጥብጣቡ ሊበጠስ፣ ሻጋታውም በሄዱ በኩል ወደ ሌሎች ሊዛመት ይችላል። አስቀድሞ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ መድረቅ፣ ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ መጠረግ አለበት።

ወደ ኮምፒዩተር የማዛወሩ ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁሉ በፊት ከካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይሰበሩ፤ በስሕተት እንዳይቀዳበት። ቀዳዳቸው ቀድሞ በወረቀት ከተደፈነም ይከፈት፤ ስንት ሠርግ በሬዲዮ ድራማ የጠፋው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። ጥብጣቡ በእስክሪብቶ አንድ ጊዜ ይጠንጠን፤ ሄዱ በአልኮል ይጸዳ። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ እያዞሩ ሲምባሉ ወይም የ«ስ» ድምፅ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ በሚሰማበት ላይ ማቆም ይገባል፤ ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት የሚደገም ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በ16 ቢት ሲቀዳ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ሹክሹክታውን የሚያጠፉ ፕሮግራሞች ተነባቢዎችንም አብረው ስለሚበሉ፣ ያልተነካው ፋይል ምንጊዜም ለብቻው ይቀመጥ። ከፋይሉ ጋር ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን እንደ ዘፈነና በምን ዓይነት ቴፕ እንደ ተቀዳ ይጻፍ። ቀጂው በሕይወት ካለ አሁኑኑ ይጠየቅ፤ ካሴቱም ፋይሉ ከተዘጋጀ በኋላ አይጣል።