የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና ጎረቤቶቹ

በትግራይ፣ በገርዓልታ ቀጥ ብለው የቆሙት ቀያይ አምባዎች ለመንገደኛ ዓይን አንድ ወጥ አለት መስለው ቢታዩም፣ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ግን በዘመን ቅደም ተከተል ከተደራረቡት ንጣፎች አንዱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህም በውስጣቸው የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት እንዴት ይጠበቁ የሚለው የቆየ ጉዳይ፣ ጎረቤት ንጣፎች ሳይመረመሩ እልባት አያገኝም።

ይህን ንጣፍ በአዲግራት፣ በላዩ የተነጠፈውን የኖራ ድንጋይ ደግሞ በሕንጣሎ የሰየመው፣ በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር የመጣው እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ከታች ጀምሮ ሲቈጠር፣ መሠረቱ በሙቀትና በግፊት ባሕርዩ የተለወጠ ጥንታዊ አለት ሲሆን፣ በላዩ በየስፍራው የእንትጮ አሸዋ ድንጋይና የእዳጋ ዓርቢ ደለል ይገኛሉ፤ እነዚህም ዛሬ ፀሐይ የሚያነድደው ይህ ምድር በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ተጭኖት እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ከዚያ በኋላ የተከመረው አሸዋ እየጠጠረ የአዲግራትን ንጣፍ ሠራ፤ ቀጥሎም በጁራሲክ ዘመን ባሕር አገሩን ስለ ወረሰው የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ፣ የአጉላዕ ደለልና ጄሶ፣ ባሕሩ ከሸሸ በኋላም የአምባ አራዶም ንጣፍ በየተራቸው ተደራረቡ፤ በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ከደናቸው። በገርዓልታ የላይኞቹ በዝናምና በጎርፍ ተጠርገው ስለ ሄዱ፣ አሸዋ ድንጋዩ ተገልጦ ቀረ።

የአሸዋ ድንጋዩ ጠባይ መካከለኛ ነው፤ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ነገር ግን ዐምድና ቅስት ሲወጣለት ክብደቱን ችሎ የሚቆም ነው። አብርሃ ወአጽብሓንና አቡነ የማታ ጉሕን የፈለፈሉት ጠቢባን ይህን ዐውቀው ነበር። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ከ120 በላይ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ባቀረቡ ጊዜ፣ የሥራው ስፋት ለዓለም ተገለጠ።

ይሁን እንጂ ለመሮ የታዘዘ ድንጋይ ለውኃም ይታዘዛል። ዝናም በአሸዋው ቅንጣቶች መካከልና ከላይ እስከ ታች በሚወርዱት ስንጥቆች ገብቶ ጨው እያሟሟ ያወጣል፤ ጨውም በግድግዳው ፊት ሲደርቅ ቅብና ሥዕል ይልጣል። ሲሚንቶ መምረግ እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላልና፣ ጠጋኙ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ግድግዳውን ሳይሆን ውኃው የሚገባበትን የአምባውን አናትና የስንጥቁን መንገድ ነው። እንግዲህ ካህኑ በየክረምቱ ያየውን የፍሳሽ ቦታ፣ የሥነ ምድር ሊቁ ደግሞ የንጣፉን ጠባይ አቅርበው ሳይመክሩ የሚጀመር እድሳት፣ በመልካም ፈቃድ የሚፈጸም ጥፋት ከመሆን አይድንም።