አገር ስጠኝ

የአራት ዓመት ልጅ «እንቆቅልሽ» ሲል መልስ ያለው ጥያቄ ይዞ መጥቷል ብላችሁ እርግጠኛ አትሁኑ። «ቀይ ሆኖ ሶፋ ላይ የሚተኛ ምንድን ነው?» ይላል። ትራስ፣ ቲማቲም፣ የአባባ ካልሲ ትላላችሁ፤ አንዱም አይደለም። መልሱ ድመት ነው። የቤታችሁ ድመት ደግሞ ጥቁር ናት። ልጁ ግን በሳቅ ፍርስ ብሏል።

ይህን ልጅ «እንዲህ አይባልም» ብሎ ማረም ጨዋታውን መግደል ነው። ልጆች ከቀልዱ ፍሬ ነገር በፊት የሚይዙት ቅርጹን ነው። ጠያቂና ተጠያቂ እንዳለ፣ መጨረሻ ላይም እንደሚሳቅ ያውቃሉ። አንድ አነጋገር ሁለት ነገር ሊል እንደሚችል ገብቷቸው በዚያ መሳቅ የሚጀምሩት አብዛኞቹ ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ በእኛ ቤት መለማመጃቸው እንቆቅልሽ ነው።

ውጭ አገር አድጋችሁ ጨዋታውን በስም ብቻ ለምታውቁት፣ አካሄዱ እንዲህ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል። ወንድ ከሆነ «ምን አውቅልህ»፣ ሴት ከሆነች «ምን አውቅልሽ» ተብሎ ይመለስለታል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ በር የሌለው ነጭ ቤት? እንቁላል። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው? ውሃ። ተጠያቂው ካላወቀ ግን መልሱ በነጻ አይነገረውም፤ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ሲባል ካልጣመው «አልፈልግም፣ ሌላ» ማለት ይችላል። አገሩን ሲቀበል እዚያ ሄዶ እንዴት እንደተንደላቀቀ፣ ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ ይተርካል፤ በዚያው ድግስ ላይ ተሸናፊውን ምናምንቴ አድርጎ ይስለዋል። መልሱ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለእኔ የጨዋታው ጉልበት ያለው እዚህች ፉከራ ላይ ነው። እንቆቅልሹ የተወረሰ ነው፤ ፉከራውን ግን ልጁ ራሱ ይፈጥረዋል። አያቱን ባሕር ዳር ወስዶ የዶሮ ወጡን ቅልጥም እሱ በልቶ አጥንቱን ለእሳቸው ሲያቀርብ፣ ማጋነንን፣ ጊዜ ጠብቆ መናገርንና የሰው ፊት ማንበብን እየተማረ ነው። በሌላ ሰዓት ትልቅ ሰው ላይ የቀለደ ልጅ በእኛ ቤት «ባለጌ» ይባላል። እዚህ ግን ሥርዓቱ ራሱ ፈቅዶለታል።

ስለዚህ ተሸነፉ። እንቁላሉን እያወቃችሁት «የበረዶ ጎጆ? የጥርስ ሐኪም ቤት?» እያላችሁ አንገላቱት። ምስጢር ይዞ መቆየት ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው፤ ሊያፈነዳው ሲል ያዝ ማድረግን የሚለምደው በዚህ ነው። አዲስ አበባን በመጀመሪያው ዙር አትስጡ፤ ኋላ የምትሰጡት ያጥራችኋል። ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግን ወይም ቴል አቪቭን ቢጠይቅ ስጡት እላለሁ፤ የሚያውቀው ከተማ ላይ ፉከራው ይበልጥ ይሰምርለታል። የአማርኛው ስሕተት ለነገ ይቆይ። አያት በስልክ ከተጫወቱ ደግሞ ልጁ ሳያስበው «ስጠኝ»ን ትቶ «ይስጡኝ» ማለትን ይለምዳል።

ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ አለቃ ገብረ ሃና መሻገር ይቻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ ስማቸው ተክሌ አቋቋም ከሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ስልት ጋር የሚነሣ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው። በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ሁሉ የእሳቸው መሆኑ ያጠራጥራል፤ ለልጅ ጆሮ የማይሆነውም ብዙ ነው። አንዱ ግን ለዚህ ዕድሜ የተሠራ ይመስላል። አለቃ መንገድ ላይ አህያ የሚነዳ ሰው ያገኛሉ፤ «እንደምን አደራችሁ?» ይሉታል። ሰውዬው በደስታ መልሶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሰላምታው ለእሱና ለአህያው መሆኑ ይገባዋል።

«አደርክ»፣ «አደርሽ»፣ «አደሩ»ን ከ«አደራችሁ» ያልለየ ልጅ በዚህ አይስቅም። ከሳቀ ደግሞ አያስቀምጣችሁም፤ አጎቱ ውሻውን ይዞ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ?» ይላል። አጎትዬውን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁት።