የተከራይ ምልክትና የአከራይ ጥርጣሬ፦ በእንግሊዝ የካናቢስ ማብቀያ የሚሆኑ የኪራይ ቤቶች

በእንግሊዝ ለመኖሪያ የተከራዩ ቤቶች በድብቅ የካናቢስ ማብቀያ ሆነው መገኘታቸው የቆየ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በአንቀጽ 8 በቤቱ ውስጥ ዕፅ እንዲመረት እያወቀ የፈቀደን ባለይዞታ ወይም የቤት አስተዳዳሪ በወንጀል ተጠያቂ ያደርጋል። ግልጽ ምልክት እያየ ሆን ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ሰውም «አላወቅሁም» በማለት በቀላሉ አያመልጥም።

ውል ከመፈረሙ በፊት በብዛት የሚጠቀሰው ምልክት የስድስት ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለመክፈል መቸኮል ነው። የአሠሪና የቀድሞ አከራይ ማስረጃ አለማቅረብም አብሮ ይነሣል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ደካማ ምልክቶች ናቸው። አዲስ የገባ ስደተኛ የቀድሞ አከራይ የለውም፤ የውጭ አገር ተማሪም ዋስ ስለሚያጣ ቅድሚያ ለመክፈል ይገደድ ነበር። የምልክቱ ትርጉም ከገበያው ጋር እንደሚለዋወጥ አዲስ አበባ ታሳያለች፤ በከተማዋ የበርካታ ወራት ቅድመ ክፍያ የሚጠይቀው ራሱ አከራዩ ስለነበር ክፍያው ስለ ተከራዩ የሚናገረው ነገር አልነበረም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያውን ከሁለት ወር እንዳይበልጥ የገደበውም ተከራዩን ከዚሁ ጫና ለመጠበቅ ነው።

ይበልጥ የሚያስተማምነው ሕንፃው ራሱ የሚሰጠው ምልክት ነው፤ ተክሉ ያለ ብርሃን፣ ሙቀትና ውኃ አያድግምና። መስኮቶቹ ቀንም ሌሊትም እንደተሸፈኑ ይቆያሉ፣ መስታወቱ ላይ እርጥበት ያዝላል፣ የአየር ማራገቢያው ድምፅ አይቋረጥም፣ ከባድ ሽታ ወደ ጎረቤት ያልፋል። በብርዱ ወራት የአካባቢው ጣሪያ ሁሉ በረዶ ለብሶ የዚያ ቤት ጣሪያ ብቻ ባዶውን ሊታይ ይችላል። ስለ መብራት ሂሳብ ያለው ግምት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። አብቃዮቹ ከቆጣሪው በፊት መስመር ስለሚጠልፉ ሂሳቡ እንደሚጠበቀው አይንርም፤ እንዲያውም ከመደበኛው ቤት ሊያንስ ይችላል። ጠለፋው ለእሳት አደጋም ያጋልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ አከራዩ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቆ የቤቱን ሁኔታ እንዲመለከት ይፈቅድለታል። በየሦስት ወሩ የሚደረግ ጉብኝት በውሉ ላይ አስቀድሞ ቢሰፍር ለሁሉም ተከራይ እኩል ስለሚሠራ ማንንም በመልኩ ወይም በትውልዱ አይነጥልም። ተከራዩ ጉብኝቱን በተደጋጋሚ ሲያስተላልፍና የሕንፃው ምልክቶች ሲደመሩበት ጥርጣሬው መሠረት ያገኛል።

በዚህ ጊዜ አከራዩ በር ሰብሮ መግባት ወይም ቁልፍ መቀየር የለበትም፤ ተገቢው እርምጃ ለፖሊስ ማመልከት ነው። ምክንያቱ ሕግን መፍራት ብቻ አይደለም። ውሉን የፈረመው ሰው ብዙውን ጊዜ በቤቱ አይኖርም፤ ተክሉን ሲንከባከብ የሚገኘው በዕዳ ተይዞ የተዘጋበት ሰው፣ አንዳንዴም ከቬትናም በሕገ ወጥ መንገድ የመጣ ታዳጊ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. የ2015 የዘመናዊ ባርነት ሕግ በአንቀጽ 45 እንዲህ ተገድደው ወንጀል ለፈጸሙ ተጎጂዎች መከላከያ ይሰጣል። አከራዩ በራሱ ሥልጣን ያባረረው ታዳጊ ግን ወደዚህ ጥበቃ ሳይደርስ ወደ አዘዋዋሪዎቹ ይመለሳል።