«ለ» የምትለው ፊደል

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ፋይል ያቀፈ ተማሪ ለጓደኛው «አንድ ፊርማ ቀረኝ» ሲል መስማት ብርቅ አይደለም። የሚሄደውም በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ በ2003 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል። ያቺ የቀረችው ፊርማ የማን ናት? ጉዳዩስ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ድረስ መውጣት አለበት?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አመራር በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተደንግጓል። ከላይ ቦርድ አለ፤ ፕሬዚዳንቱ ተቋሙን ይመራሉ፤ የትምህርት ጉዳይ በሴኔት ይወሰናል። ከሥር ኮሌጆች በአካዳሚክ ኮሚሽን፣ ትምህርት ክፍሎች በጉባኤያቸው ይመክራሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ለኮሌጅ ዲን በሴኔቱ ሕግ የተሰጠው ሥልጣን የራሱ ነው፤ በራሱ ስም ይፈርማል። ፕሬዚዳንቱ «ይህን ጉዳይ በእኔ ፈንታ ጨርስ» ብለው በደብዳቤ ሲሰጡት ግን ውክልና ይሆናል። ይህን ከደብዳቤው ግርጌ ማየት ይቻላል። ቲተሩ የፕሬዚዳንቱን ስምና ማዕረግ ይዟል፤ ፊርማው የሌላ ሰው ነው፤ ከፊርማው ፊት በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት «ለ» አለች። ወረቀቱን የሚቀበል ሰው ፈራሚውና ባለሥልጣኑ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቀው በእሷ ነው።

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና የሰጠ ሰው ደንቡን ያውቀዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያሠራል፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠየቃል። ተወካዩም ካልተፈቀደለት በቀር ሥራውን ራሱ መሥራት እንጂ ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። የዩኒቨርሲቲ ውክልና በዚህ ሕግ ባይመራም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው፦ በጽሑፍ ይሁን፣ ወሰኑ ይታወቅ፣ መቼ እንደሚያበቃ ይነገር። ከሁሉም በላይ፣ ሥልጣኑን የሰጠው ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ወደ ታች የማይወርድ ውሳኔም አለ። የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ከትምህርት ክፍል ተነሥቶ፣ በኮሌጁና በሴኔቱ ታይቶ ቦርዱ ፊት ይቀርባል። የሊቃውንት ሚዛን ስለሆነ ብዙ ዓይን ቢያየው ተገቢ ነው። ታሞ ፈተና ያመለጠው ተማሪ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሐኪም ማስረጃውን መመርመር የሚችሉት ተማሪውን የሚያውቁት መምህሩና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። እሱን ፎቅ ለፎቅ ማመላለስ ጥንቃቄ አይደለም፤ የልጁን ሴሚስተር መብላት ነው። ኃላፊው ስብሰባ ሲሄዱ ተወካያቸው በጽሑፍ ካልታወቀ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፤ ተማሪውም «ነገ ና» እየተባለ የምዝገባው ቀን ያልፍበታል።

ስለዚህ ውክልናን የቢሮ ወረቀት ብቻ አድርጌ አላየውም፤ ለተማሪው ጊዜ የሚሰጥ ክብር ነው። አለቃ ሥልጣኑን ሲያካፍል የሚያንስ የሚመስለው ካለ የምረቃ ቀን አዳራሽ ይግባ። ተመራቂዎቹን አስቀድሞ ያጸደቀው ሴኔቱ ነው። ፕሬዚዳንቱም ካባቸውን ለብሰው፣ ወላጅ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ በሚሰማበት ሰዓት ዲግሪውን የሚሰጡት «በተሰጠኝ ሥልጣን መሠረት» ብለው ነው።