ለዲዛይን ሞኒተር ስትገዙ ከኢንቹ በፊት ነጥቡን ቁጠሩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ከሚሴ ላይ የዲዛይን ቤት ልከፍት ነው፤ ትልቅና የሚያምር ሞኒተር የቱን ልግዛ?» አንድ የባቲ ልጅ እንዲያውም ፎቶ ላከልኝ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ኪቦርድና ማውስ። «ይሄ አይበቃኝም ወይ?» ይላል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ጠቅልዬ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ አብሽሩ።

ከቴሌቪዥኑ ልጀምር። በርካሽ የሚገኘው 32 ኢንች ቲቪ ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ 1366 ፒክስል፣ ማለትም ነጥብ፣ ብቻ ተደርድሮበታል ማለት ነው። የስክሪኑ ወርድ ደግሞ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 19 ነጥብ ይደርሰዋል። አሁን የሰርግ ካርድ ላይ ከታች የምንጽፈውን፣ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል በልኩ ስክሪኑ ላይ አውጡት። ስድስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በስድስት ነጥብ «ቀ» እና «ቁ»፣ «ጨ» እና «ጬ» ተመሳስለው ቁጭ ይላሉ። ስህተቷ የምትታየው ካርዱ ታትሞ የሙሽራዋ አባት እጅ ሲገባ ነው።

ሌላም ጣጣ አለበት። ብዙ ቲቪ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻ ያሳይና ቀለሙን ግን ለጎረቤታሞች በጋራ ያድላል። ፊልም ስታዩ አይታወቅም። በጥቁር መደብ ላይ ቀጭን ቀይ ጽሑፍ ስታስቀምጡ ግን ጠርዙ ይቀባባል። አንዳንዱ ቲቪ የኤችዲኤምአይ መግቢያውን በቅንብሩ ውስጥ «ፒሲ» ብላችሁ ስትሰይሙት ይስተካከላል፤ ለጊዜው ሌላ ከሌላችሁ እሱን ሞክሩ።

ይህችን የማካፈል ሂሳብ ያዙልኝ፣ ሱቅ ስትገቡ ከሻጩ ወሬ ትበልጣለች። 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ወርዱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ነጥቡ 1920 ነው፤ በሴንቲ ሜትር 36 ይደርሳል። ያው 1920 ነጥብ 27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 32፣ 32 ኢንች ላይ ደግሞ ወደ 27 ይወርዳል። ስክሪኑ አደገ እንጂ የምታዩት ነገር አልጨመረም፤ ፊደሉ ብቻ ሻከረ። 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 የሆነው ግን 43 ይደርሳል። ያ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፊደል እዚህ 13 ነጥብ ያገኛል፤ የ«ቁ» ቅጥያ ጥርት ብላ ትታያለች።

«እኔ እኮ የምሠራው ባነር ነው፣ ለባነር ትልቅ ስክሪን ነው የሚያስፈልገው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በእኔ እይታ ነገሩ ተገልብጧል። 3 ሜትር ባነር በየትኛውም ሞኒተር ላይ በልኩ አይወጣም፤ 24 ኢንች ላይም 32 ኢንች ላይም አሳንሳችሁ ነው የምትሠሩት። የሚያነበውም ሰው መንገድ ማዶ ቆሞ ነው። ጥራት የሚጠይቀው ትንሹ ሥራ ነው፦ ካርድ፣ መታወቂያ፣ ሰርተፊኬት፣ የማህተም ንድፍ። ትልቅ ስክሪን የሚጠቅመው ፎቶሾፕ ወይም ኮርል ላይ የመሣሪያ ሳጥኖቹን ወደ ጎን ገፍታችሁ ሥራውን መሐል ለማስቀመጥ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የነጥብ ብዛት እንጂ የኢንች ብዛት አይደለም።

የእኛ የከሚሴና የባቲ አካባቢ ሥራ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ያለ ዲዛይነር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጨርሶ ይሄዳል። እኛ ዘንድ አንዱ ታፔላ ላይ የአፋን ኦሮሞ ቁቤና የአማርኛ ፊደል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የኒካህ ጥሪ ከሆነ ከላይ በዐረብኛ ቢስሚላህ ይጨመራል። ሦስቱም የሚሳሳቱበት ቦታ የተለያየ ነው። ፊደላችን የሚሳሳተው በቅጥያው ነው። ዐረብኛው በነጥቡ፤ አንዲት ነጥብ ከጠፋች ወይም ከተደረበች ቃሉ ሌላ ነው። ቁቤ ደግሞ በድርብርቡና በመሐል በምትገባው ትንሽ ጭረት። አናባቢው ሲረዝም ሁለቴ ስለሚጻፍ ያው መልእክት በአፋን ኦሮሞ ከአማርኛው ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ቦታ ለማብቃቃት ፊደሉን ማሳነስ የተለመደ ነው። በጣም የሚያንሰው ጽሑፍ ላይ ነው እንግዲህ ያቺ ጭረት የምትቀመጠው።

ወደ ስክሪኑ ዓይነት ልምጣ። እዚህ አገር ዲዛይነር ብቻውን አይሠራም። ሙሽራው ይመጣል፣ ሚዜው ይመጣል፣ አጎትየው ይጨመራል፤ ሁሉም ከወንበራችሁ ጀርባ ቆመው «ወርቃማውን ትንሽ አድምቀው» ይላሉ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ ከላይ ነው የሚያየው። ስክሪኑ ቲኤን ከሆነ የተቀመጠውና የቆመው አንድ ቀለም አያዩም፤ የቆመው «ገረጣ» ይላል፣ እናንተ ታደምቃላችሁ፣ ሲታተም ወርቁ ቡኒ ይሆናል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ያምራል፣ ንፅፅሩ 3000 ለ1 አካባቢ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን እሱም ይገረጣል። አይፒኤስ ንፅፅሩ 1000 ለ1 ገደማ ቢሆንም ከየትም አቅጣጫ ብታዩት ቀለሙ ብዙ አይለወጥም። ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ አይፒኤስ ብቻ። ያ ግማሽ ክብ ሆኖ የሚጠመዘዘው የጌም ሞኒተርማ ይቅርባችሁ፤ ቀጥ ያለ ክፈፍ ስታሰምሩ ቀጥ ማለቱን ለማመን ማስመሪያ ትፈልጋላችሁ።

አሁን ስለ ማማር። ሻጩ ሞኒተሩን ከፍቶ በቀቀንና አበባ ያሳያችኋል፤ ቀለሙ ዓይን ይወጋል። ለዲዛይነር ይሄ ወጥመድ ነው። ማተሚያው በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ነው የሚሠራው፤ ስክሪን የሚያወጣውን የሚያበራ አረንጓዴ በእነዚህ ማውጣት አይችልም። ክረምት ሲወጣ የጨፋን ረግረግ ፎቶ አንስታችሁ ባነር ላይ አስገቡ። ስክሪን ላይ ሣሩ ይነድዳል፣ ከማሽን ሲወጣ የደረቀ ይመስላል፤ ደንበኛው «ቀለም ሰረቅከኝ» ይላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ፈልጉ የምላችሁ ኤስአርጂቢ የሚለውን ነው። ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት የቀለም ልክ ነው፣ ዛሬም የኢንተርኔቱና የስልኩ መነሻ እሱ ነው። ከ95 በመቶ በላይ ቢሸፍን፣ በሜኑውም ውስጥ ኤስአርጂቢ የሚል ምርጫ ቢኖረው ለእኛ በቂ ነው። ከዚያ የሰፋ ቀለም ያለውን የምትገዙት ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ነው።

ሲገዛ ብርሃኑ ጣሪያ ነክቶ ነው የሚመጣው። መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው፤ ያለ እሱ የምሠራበትን ልንገራችሁ። ነጭ ወረቀት በቀን ብርሃን ከስክሪኑ አጠገብ ያዙና ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ስክሪኑ ከወረቀቱ ሲያበራ የብርሃን ቁጥሩን ቀንሱ፣ ሁለቱ ነጮች እስኪቀራረቡ ድረስ። የዊንዶውስ የማታ ብርሃን ይጥፋ። ግድግዳችሁ ደማቅ አረንጓዴ ከተቀባ ደግሞ ያው ወረቀቱም አረንጓዴ ይመታዋል፤ ቢያንስ ከፊታችሁ ያለውን ገጽ ነጭ ወይም ግራጫ አድርጉት። የሚያብረቀርቅ መስታወት ያለውን አትግዙ። የከሚሴ ሙቀት በር አያስዘጋም፣ አስፋልቱ ከነመኪናው ስክሪናችሁ ውስጥ ይገባል።

ዋጋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘሎ ነበር፤ መቶውን ካለፈም ቆየ። እንደ ፕሮአርት ወይም ኡልትራሻርፕ ያለ አዲስ የባለሙያ ሞኒተር ለጀማሪ ከበድ ይላል። የእኔ ምክር ከአዲስ ርካሽ ይልቅ ያገለገለ የባለሙያ ሞኒተር ነው፤ ከውጭ ቢሮ ወጥተው የሚመጡት ብዙ ናቸው።

ዴል ከሆነ ከጀርባው ያለውን ስም ማንበብ ተማሩ። «ዩ» ብሎ የሚጀምረው ኡልትራሻርፕ ነው፣ ለቀለም ሥራ የምንፈልገው እሱን ነው፤ «ፒ» የቢሮ ነው፣ «ኢ» ተራው ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቁጥሮች ኢንቹ፣ ከዚያ ያሉት ሁለቱ የሞዴሉ ዘመን ናቸው። መጨረሻ ላይ «ኤች» ካለ 1920 በ1080፣ «ዲ» ካለ 2560 በ1440፣ «ኪው» ካለ ፎር ኬ። ስለዚህ ዩ2719ዲ ማለት 27 ኢንች፣ የ2019 ሞዴል፣ 2560 በ1440 ነው። ባየሁት ቁጥር ግዙት የምለው እሱን ነው።

ፎር ኬውስ? ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቻችሁ አሁንም በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ነው የምትሠሩት፤ እሱ 27 ኢንች ፎር ኬ ላይ ሜኑውን አያሳድግም፣ ጽሑፉን ለማንበብ ትጎነበሳላችሁ። ኮምፒውተሩንም ተመልከቱ። የድሮው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያላችሁ ከዲስፕሌይ ፖርቱ የሚወጣው እስከ 2560 በ1600 ነው፤ ለዩ2719ዲ ይበቃል፣ ለፎር ኬ አይበቃም። ያንን ሰማያዊ ጫፍ ያለውን የቪጂኤ ገመድ ተዉት፤ የከፈላችሁበትን ጥራት ያደበዝዘዋል። የዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ለብቻው ግዙ፣ በርካሽ አስማሚም አትተኩት።

ወደ ሱቁ ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ባዶ ምስል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ አንድ በአንድ ክፈቱ። የሞተ ፒክስል በነጩ ላይ ይታያል። ተጭኖ የተጎዳ ስክሪን በነጩ ላይ ደመና ወይም ደማቅ ጠብታ ያሳያል፤ ይሄ አይድንም። ጥቁሩን ስትከፍቱ መብራቱን አስጠፉና ማዕዘኖቹን እዩ። ማቆሚያው ከፍ ዝቅ ማለቱን፣ ወደ ቁም መዞሩን ሞክሩ፤ ሮልአፕ ስትሠሩ ስክሪኑን ማቆም ትልቅ እፎይታ ነው። ስትጭኑት በቁሙ ይሁን፣ ተኝቶ ሻንጣ እንዳይጫነው። መኪናው ጣሪያ ላይ ካልሆነ ቦታ የለም ካሏችሁ ቀጣዩን ጠብቁ።

ቤት ሲደርስ ከስታቢላይዘር በኋላ ይሰካ፣ መብራት ሲሄድም ከሶኬቱ ይነቀል፤ የሚያቃጥለው መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ነው።

የባቲው ልጅ፣ ቲቪህን አትሽጠው፤ ደንበኛ ሲበዛብህ ሥራውን እዚያ ላይ አሳያቸው፣ ፊደሉን ግን በሞኒተሩ አርም። ሌሎቻችሁም ከመክፈላችሁ በፊት የሞኒተሩን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። ማታ ማታ እመልሳለሁ።