ወደ ካንቶን ገበያ ለሚጓዝ ነጋዴ

በደቡብ ቻይና በጓንግዡ ከተማ፤ በቀድሞ ስሟ በካንቶን፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚደረገው ታላቅ የንግድ ትርኢት የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነው። አንደኛው ሚያዝያ 7 ቀን፤ ሁለተኛው በጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። እያንዳንዱም ትርኢት በ3 ክፍል ተከፍሎ ለየክፍሉ 5 ቀን ተመድቦለታል፤ ይኸውም በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ዕቃና ልዩ ልዩ መሣሪያ፤ ቀጥሎ የቤት ዕቃና የሕንፃ መሣሪያ፤ በመጨረሻም ጨርቃ ጨርቅ፤ ልብስና ጫማ ይቀርባል። እንግዲህ የጫማ ነጋዴ በመጀመሪያው ክፍል ቢደርስ የሆቴል ኪራይ ከመክፈል በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። በጥቅምት የሚያዝም ሰው ማሰብ የሚገባው አለ፤ በጥር ወይም በየካቲት የሚውለው የቻይኖች አዲስ ዓመት ሲቃረብ ሠራተኛው ሁሉ ወደየአገሩ ስለሚሄድ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ፤ ከዚያ በፊት ያልተጫነ ዕቃ ይዘገያል።

አንዳንድ ነጋዴዎች ቋንቋውን እንጂ ሰዓቱን አይፈሩም። ሆኖም ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው በሰዓት ነው። ቻይናዊው «በ2 ሰዓት» ብሎ ሲቀጥር ከቀትር በኋላ በእኛ አቈጣጠር 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ማለዳ ሄዶ በር ተዘግቶ ያገኘዋል። በዚህም ላይ የቻይና ሰዓት ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ባንክ በሩን ሲከፍት እዚያ የቀትር በኋላው ሥራ ተጀምሯል። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። በውል ላይ ወርን በቍጥር መጻፍ ወሩን ከቀኑ ያሳስታልና፤ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑ ይገለጽ።

የንግድ ካርድ በሁለት እጅ ይሰጣል፤ በሁለት እጅ ይቀበሉታል፤ ጥቂትም አንብበው እንጂ ወዲያው ወደ ኪስ አይከቱትም። ይህ ልማድ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው የእኛው ነገር ነው፤ ነጋዴው «አዎን» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ያላወቀው ሰው የደነገጠ ወይም ዋጋው ያስቈጣው ይመስለዋል። በሌላ በኩል ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለትን ይጸየፋሉ። ቻይናዊው «እናጠናዋለን» ሲል እንደ እኛ «እናያለን» መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ አይሞኝም። ስለዚህ ዋጋውም፤ የዕቃው ዐይነትም፤ የሚጫንበትም ቀን በወረቀት ላይ ሰፍሮ የኩባንያው ማኅተም ይረገጥበት፤ በዚያ አገር ከፊርማ ይልቅ ማኅተም ክብደት አለውና።

በግብዣ ላይ ጋባዡ ብሉ እያለ ያስቸግራል፤ ይህም የተለመደ ነው። ጾመኛው ግን አስቀድሞ ለአስተርጓሚው ይንገር፤ አትክልት የሚመስለው ወጥ የዐሣማ ሥጋ ወይም ስብ ሊኖረው ይችላልና። ለእስላም ነጋዴዎች በከተማዪቱ የሐላል ምግብ ቤቶች አሉ። በእንጨት የሚበሉበትን መሣሪያ በሩዝ ላይ አቁሞ መተው የሐዘን ምልክት ስለሆነ ጥንቃቄ ይደረግ።

በከተማው ውስጥ ሒሳብ የሚከፈለው በአብዛኛው በስልክ ነው፤ እኛ የለመድናቸው የመልእክት መላኪያዎች እንደ ዋትስአፕና ቴሌግራም ያሉት ደግሞ በዚያ ታግደዋል። ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት በራሱም፤ በሱቅ ጠባቂውም ስልክ ላይ ዊቻት ይጫን፤ አለዚያ ገና በማግሥቱ ከቤቱ ጋር መገናኘት ይሳነዋል። ከሆቴል ውጭ በወዳጅ ቤት የሚያድርም በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ መመዝገብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የገንዘቡ ነገር ነው። በትርኢቱ አዳራሽ የታየው ናሙና መልካም ቢሆን በመርከብ የሚመጣው ዕቃ መልካም ይሆናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ናሙና አቅራቢ ፋብሪካ የሌለው ደላላ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ያለው ነጋዴ ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ይይ። ቀብድ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ የሚጠይቅ ሻጭ ቢገኝ ንግግሩን ማቋረጥ ይሻላል። በኤል ሲ የሚገዛውም ቢሆን ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን አለመሆኑን ይረዳ፤ ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ብጥስጣሽ ቢሞላም ባንኩ ይከፍላል። ይህን የሚከላከለው አንድ ነገር ነው፤ ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ የምርመራ ድርጅት ዕቃውን ከመጫኑ በፊት አይቶ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሻጩ ከሚያቀርባቸው ሰነዶች አንዱ ሆኖ በኤል ሲው ውስጥ ይጻፍ። ኤል ሲው ከተከፈተ በኋላ ይህን ለመጨመር የሻጩ ፈቃድ ያስፈልጋልና፤ ጥያቄው ገና ዋጋ ሲነጋገሩ፤ ሻጩ ደንበኛ ለማግኘት በጓጓበት ሰዓት መቅረብ አለበት። የተስማሙበትም ናሙና በሁለቱ ወገኖች ፊርማ ታሽጎ አንዱ ከነጋዴው ጋር ወደ አገር ቤት ይምጣ፤ አንዱም ለመርማሪው ይሰጥ።